መሰላልና የራሷ ጉልበት

ቁመቷ ከእህቶቿ ሁሉ ስለሚበልጥ፣ የሥራ ቦታዋም ሁልጊዜ ከሰው በላይ ስለሆነ፣ ሰፈሩ «መሰላል» ብሎ ከሰየማት ብዙ ዘመን ሆኗል። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ ነው፤ የሚቆጣው ደግሞ ከስንት አንዴ ነው።

መሰላል ቀለም ቀቢ ናት። አባቷም ቀለም ቀቢ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ብሩሹን ለእሷ አወረሳት። «ደግሞ ሴት ልጅ ርብራብ ላይ ትወጣለች?» ላሉት ዘመዶች «ግድግዳው ወንድ ሴት አይልም» ብሎ መለሰላቸውና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

እሷም አላሳፈረችውም። እስቱኮ ስትለቀልቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትግ፣ ቀለሙን ስትደራርብ ላያት ሰው፣ ግድግዳው በእጇ የሚለሰልስ እንጂ የሚቀባ አይመስለውም። በተለይ ጣሪያ ላይ የሚደርስባት የለም። ጣሪያ ለቀቢ ትልቁ ፈተና ነው፤ አንገት ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ ክንድ ሽቅብ ተሰቅሎ፣ ቀለሙ ዓይን ውስጥ እየተንጠባጠበ የሚሠራ ሥራ ነው። ሌሎቹ በየመሐሉ እየወረዱ ወገባቸውን ሲያሹ እሷ እዚያው ላይ ሆና ታንጎራጉራለች። ድምጿ ግን ለጆሮ የሚመች አልነበረም። «እጅ የሰጠሽ አምላክ ጉሮሮ ነስቶሻል» እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ማንጎራጎሯን ግን አትተውም።

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። ከገበያው ጥግ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር አጥልቆ፣ አጎንብሶ ይውላል። ልጆቻቸው አድገው የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል። እሷ ሽቅብ እያየች፣ እሱ ቁልቁል እያየ ኖረው፣ ማታ ሲገናኙ ብዙም ሳያወሩ ይግባባሉ።

አርባዎቹን ዓመታት እንደ ጀመረች ታዲያ በሽታ መጣባት። መጀመሪያ ጣቶቿ ነበሩ። ጠዋት ስትነሣ አይታጠፉላትም፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ካልነከረቻቸው ብሩሽ አይጨብጡም። ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠ። መሰላል የሚሏት ሴት መሰላል ለመውጣት ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። ለባሏ «ብርድ ነው» አለችው። ለሥራ አለቃዋ ደግሞ ምንም አላለችውም። አለቃዋ ሰፈሩ «ሻለቃ» የሚለው ሰው ነው። ጦር ሜዳ ቀርቶ የዘብ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ግን «ጥቁሩን ባልዲ ወዲህ!» የሚለው እንደ ጦር አዛዥ ስለሆነ ነው ማዕረጉ የተሰጠው።

አንድ ቀን አብሯት የሚሠራ አናጢ ስታነክስ አያትና ከኪሱ በላስቲክ የተቋጠሩ ትንንሽ ነጫጭ ክኒኖች አወጣ። ለእናቱ ወገብ የሚገዛቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር ዋጥ እንድታደርጋቸው መከራት። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቀውን ነው የመከራት።

ክኒኖቹ ተአምር ሠሩ። በማግስቱ ጣቶቿ ታጠፉ፤ ከዚያ የጉልበቷ እብጠት ሸሸ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሁሉ ቀድማ ርብራቡ ጫፍ ላይ ተገኘች። አናጢውን ልትመርቀው ቃል አጣች። ያለ ሐኪም ወረቀት ከሚሸጥላት አንድ መድኃኒት ቤት ራሷ እየገዛች መዋጥ ቀጠለች። ሕመሙ ጠንከር ሲል ትጨምራለች፤ ሲሻላት ትቀንሳለች፤ ጨርሶ ግን አትተውም። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመታት ሄዱ።

ፊቷ ክብ እየሆነ መጣ። አጥንተ ረጅሟ ቀጭን ሴት ጉንጭ አወጣች፤ ከአንገቷ በስተኋላ ሥጋ ተከመረ። ጎረቤቶቿ «ጨረቃ መስለሻል፤ ተመቸሽ ማለት ነው» ይሏት ነበር። እሷም ደስ አላት፤ ለመሆኑ «ወፈርሽ» ሲባል የሚከፋው ማን ነው? ቆዳዋ ግን እንደ ስስ ወረቀት ሆኖ፣ ባልዲ ሲነካው ሁሉ ይበልዛል። እንቅልፍም ከዓይኗ ራቀ። ባሏ አንድ ማታ ፊቷን ሲመለከት ቆይቶ «ይሄ ውፍረት አንቺን አይመስልም» አላት። «ቀናህብኝ እንዴ?» ብላ በቀልድ አለፈችው።

ነገሩን የገለጠችው የባሏ ታላቅ እህት ናት። እትዬ ነው የሚሏት። አንድ ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ስትሆን፣ ከነርሶች የሰማችውን ወሬ ትኩስ ትኩሱን ለቤተ ዘመድ የምታደርስ ሴት ናት። ቤታቸው በመጣች ቀን ክኒኖቹን ከነማሸጊያቸው ጠረጴዛ ላይ አየቻቸውና ስማቸውን አንብባ ክው አለች። ፕሬድኒሶሎን ናቸው። አጥንት እንደሚያሳሱ፣ ስኳር እንደሚያመጡ፣ ፊት እንደሚነፉ በክሊኒኩ ስትሰማ ኖራለች፤ አንዱንም ሳታስቀር ተናገረች።

የተናገረችው እውነት ነበር፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ እሷም አልሰማችውም።

መሰላል ደግሞ አንዴ ከቆረጠች ቆረጠች ናት። ያን ማታ ያለውን ክኒን ሁሉ ሽንት ቤት ደፋችው። በማግስቱ ምንም አልተሰማትም፤ ልቧ ኮራ። ከዚያ ግን ሰውነቷ እንደ እርጥብ ጨርቅ እየከበደ ሄደ። ምግብ አስጠላት፤ የበላችው አልረጋ አላት፤ ስትቆም ዓይኗ ይጨልማል። ጉንፋን ነው አለችና ሥራዋን ሄደች።

የሚቀቡት ባለ ፎቅ ሕንፃ ነበር። መሰላል ከላይኛው ርብራብ ላይ ሆና የመስኮት ጠርዝ እየቀባች ሳለች ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። ከታች የነበሩት ቀና ሲሉ ብሩሹን ተከትላ እሷም ስትወርድ አዩዋት። የደህንነት ቀበቶዋ ያዛትና እንደ ታጠበ ልብስ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ሁሉም ባለበት ደርቆ ቀረ። ሻለቃ ብቻ፣ ከወገብ ከፍታ በላይ መውጣት ከተወ ስንት ዘመን የሆነው ሰው፣ ርብራቡን እንደ ድመት ቧጦ ወጣና አቅፎ አወረዳት።

ሆስፒታል ስትደርስ የደም ግፊቷን የምትለካው ነርስ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ሌላ አስመጣች። ግፊቷ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። አንዲት ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ዶክተር መጥታ ተጠርቶ የደረሰ ባሏን ዓይን ዓይኑን እያየች ምን መድኃኒት ትወስድ እንደ ነበር ጠየቀች። እሱም ክኒኑንም፣ ዓመታቱንም፣ ሽንት ቤቱንም ሳይደብቅ ነገራት። ዶክተሯ ወዲያው በደም ሥር መርፌና ፈሳሽ አዘዘች። ሳይመሽ የመሰላል ከንፈር ደም መለሰ፤ ዓይኗን ገልጣ የተናገረችውም የመጀመሪያ ቃል «ራበኝ» የሚል ነበር። ባሏ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በማግስቱ ዶክተሯ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«የዋጡት ነገር ማስታገሻ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ሆርሞን ነው» አለቻት። «የእርስዎም ሰውነት የዚያን ሆርሞን ወንድም ራሱ ይሠራል። ከኩላሊትዎ በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ እነሱ ናቸው የሚሠሩት። ሰው ከአልጋው የሚነሣው፣ በሽታ ሲመጣበት የሚቋቋመው፣ ቆሞ የሚሄደው በእሱ ነው። አምርቱ ብሎ የሚያዛቸው ደግሞ አንጎል ነው።»

«ታዲያ የኔዎቹ ምን ሆኑ?»

«ተኙ። ሆርሞኑ በየቀኑ ከውጭ ሲገባለት አንጎልዎ በቂ አለ ብሎ ማዘዙን ተወ። ትእዛዝ ያጡት ዕጢዎች ደግሞ ሥራ ፈትተው መነመኑ። ጎረቤት ለዓመታት የበሰለ እያመጣ ቢያበላዎት ምድጃዎ ይቀዘቅዛል አይደል? ጎረቤት በድንገት ቢቀር ምድጃው በዚያው ቀን አይነድም። እርስዎ ከውጭ የሚመጣውን በአንድ ሌሊት ቆረጡት፤ ከውስጥ የሚመጣ ደግሞ አልነበረም።»

መሰላል ጣሪያውን እያየች አሰበች። የሆስፒታሉ ጣሪያ ክፉኛ ነው የተቀባው፤ የሩሎው መስመር ሁሉ ይታያል።

«ሞተዋል ወይስ ተኝተዋል?» አለች በመጨረሻ።

«ተኝተዋል። እንቅልፋቸው ከባድ ነው እንጂ ብዙውን ጊዜ ይነቃሉ። ግን በችኮላ አይሆንም።»

ከዚያ በኋላ የሰማችው ነው የከበዳት። ያንኑ ሽንት ቤት የደፋችውን ክኒን እንደገና ልትውጥ ነው። መጠኑ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ፣ ወራት እየወሰደ፣ ዕጢዎቹ ጉድለቱን እያዩ ቀስ ብለው እንዲነቁ። ለመገጣጠሚያዋ ሆርሞን ያልሆነ ሌላ መድኃኒት ታዘዘላት። ትኩሳት ወይም ጉዳት ከደረሰባት ደግሞ መጠኑን ወዲያው መጨመር አለባት፤ ጤነኛ ሰውነት በሕመም ጊዜ ብዙ ያመርታል፤ የእሷ ግን ገና አይችልም።

ጥግ ላይ ቆማ የነበረችው እትዬ ሁሉንም ሰምታለች። ዶክተሯ ስትወጣ ጠብቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «እኔ ነኝ ለዚህ ያበቃሁሽ» አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ባይነግሩኝማ እስከ መቃብር እውጠው ነበር» አለቻት መሰላል። «አሁን ያን ዳቦ ያቀብሉኝ።»

የመጠኑ ቁልቁለት ተጀመረ። ክኒኑን ግማሽና ሩብ አድርጎ የሚቆርጠው ባሏ ነበር። ከሱቁ አንዲት ስለታም ምላጭ ይዞ መጣ፤ አጉሊ መነጽሩን አጥልቆ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ይቆርጣል። እህል የሚያህል የሰዓት ጥርስ ሲያነሣ የኖረ እጅ ነውና ሩቧ ከሩቧ አትበላለጥም። እሷም «ለዚህ ሙያህ ነው ያገባሁህ» ትለዋለች።

መጠኑ በወረደ ቁጥር ሰውነቷ ያምጻል። ጡንቻዋ ይቆረጥማል፤ ያለ ምክንያት እንባ ይመጣባታል፤ ደረጃ መውጣት ተራራ ይሆንባታል። ከዚያ ለቀቅ ያደርጋታል። ሲለቃት ደግሞ ባሏ ምላጩን ያነሣል፤ እንደገና ይጀመራል። አንድ ጊዜ ዶክተሯን ቶሎ ቶሎ እንድትቀንስላት ለመነቻት። ከባድ ሥራ ለምዳለች፤ ሕመምን ችሎ ማለፍ ታውቃለች። ዶክተሯ ፈገግ ብላ በመቻል የሚሆን ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ታስቆምላት እንደ ነበር ነገረቻት።

ሻለቃ በበኩሉ ርብራብ ከለከላት። «ከታች ሆነሽ ቀለም በጥብጪ» አላት። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። መሰላል ነገሩ ተዋጠላት ማለት አይቻልም። ስታሠለጥናቸው የነበሩ ሰዎች ከላይ ሆነው ሲቀቡ፣ እሷ በባልዲዎች መሐል ተቀምጣ ነጭና ግራጫ ታዋህዳለች። አዲስ የተቀጠረ አንድ ቀቢ «ምነው መሰላሉ ተጋደመ?» ብሎ ቀለደ።

«የተጋደመ መሰላል ይቆማል» አለችው ሳትቆጣ። «የማይቆመው የተሰበረው ነው።» ሌሎቹም የሳቁት በእሱ ላይ ነው።

ወራት አለፉና ዕጢዎቹ የሚፈተኑበት ቀን መጣ። ጠዋት በማለዳ ደም ተወሰደ፤ ዕጢዎቹን የሚቀሰቅስ መርፌ ተወጋች፤ ቆይቶ እንደገና ደም ተወሰደ። የነቁ ከሆነ መርፌው ሲጠራቸው ይመልሳሉ። ውጤቱ ሲመጣ ግን እምብዛም አልመለሱም። ዶክተሯ ይህ የሚያጋጥም ነገር እንደሆነ፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ እንዳልሆነ አስረዳቻት። መሰላል ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

በዚያው ሰሞን ጥርሷ መግል ቋጠረና ትኩሳት ለቀቀባት። በዶክተሯ ትእዛዝ መሠረት መጠኑን እጥፍ ማድረግ ነበረባት። እምቢ አለች። ያን ሁሉ ቁልቁለት ለፍቼ ለፍቼ ወርጄ ተመልሼ አልወጣም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ባሏ ሙሉ ክኒን በውሃ ይዞ መጥቶ አልጋው አጠገብ ቆመ። እናቷ ባወጣችላት ስም ጠራት።

«ቁልቁለት እየወረደ ያለ ሰው ጎርፍ ሲመጣ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ይቆማል» አላት። «ጎርፉ ሲያልፍ ይወርዳል። ዋጪ።»

ዋጠች። ጥርሱ ተነቀለ፤ ትኩሳቱ ወረደ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። አንድም እርምጃ እንዳልጠፋባት ስታይ ግን ከዚያ ወዲያ ክኒኑን እንደ ሽንፈት መቁጠር ተወች።

ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ ይለወጥ ጀመር። መጀመሪያ ያስተዋለችው ጠዋቱን ነው። አንድ ቀን ከማንም ሳትቀሰቀስ ነቅታ፣ ሳትደገፍ ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ ሻይ ካፈላች በኋላ ነው የዋጠችው ነገር እንደሌለ ትዝ ያላት። ክኒኑ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። የጉንጭ አጥንቶቿ ብቅ አሉ፤ የአንገቷ ክምር ሟሸሸ፤ የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ላላ። ታማ ሳለች «ተመቸሽ» ይሏት የነበሩት ጎረቤቶች አሁን ሰውነቷ ሲድን «ምነው ከሳሽ? ደህና አይደለሽም እንዴ?» ማለት ጀመሩ። እሷም ለአንዷ «ደህና ብሆን ነዋ!» ብላ መልሳ ሴትዮዋን ግራ አጋባቻት።

የባሏ ምላጭ የመጨረሻዋን ሩብ ከቆረጠ በኋላ ሁለተኛው ፈተና መጣ። በዚህ ጊዜ ሦስቱም ሄዱ፤ ባሏ ሱቁን ዘግቶ፣ እትዬም የአንሶላ ክምሯን ለጓደኛዋ አደራ ሰጥታ። ደሙ ተወሰደ፤ መርፌው ተወጋ፤ ደሙ እንደገና ተወሰደ። ውጤቱ የደረሰ ቀን ዶክተሯ ወረቀቱን አንብባ ከወንበሯ ተነሣችና ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ የመሰላልን እጅ ጨበጠች።

«ነቅተዋል» አለቻት። «ጠራናቸው፤ አቤት አሉ። ከዛሬ ጀምሮ የሚቆሙት በራስዎ ነው።»

መሰላል መጀመሪያ ሁለት እጇን ከወገቧ በላይ፣ ጀርባዋ ላይ፣ ዕጢዎቹ አሉበት በተባለው ቦታ አሳርፋ ቆመች፤ ከረጅም መንገድ የመጣን ሰው ትከሻ መታ መታ እንደሚያደርግ ሰው። ከዚያ ነው ሳቋ የመጣው። ሳቋ መተላለፊያው ድረስ ተሰማ። እትዬ እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ የምታልፍ ነርስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችባት፤ እልልታው ግን ግማሹ አምልጦ ወጥቷል። ዶክተሯ ለተወሰነ ጊዜ ከባድ ሕመም ከገጠማት ሳትዘገይ እንድትመጣ አስጠነቀቀቻት፤ መሰላልም በሚገባ ሰማች። ባሏ ደረጃውን ሲወርዱ ብቻ «እኔ ደግሞ ሥራ ፈታሁ» አለ፤ ምላጩን ማለቱ ነው።

ሻለቃ የዚያን ጊዜ ጭንቅ ላይ ነበር። የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ ጣሪያ ተበላሽቶበታል። ከፍ ያለ፣ ሰፊ፣ አራቱም ወገን በመስኮት የተከበበ ጣሪያ ነው፤ ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚመታው የትኛውንም እንከን አይደብቅም። ቀቢዎቹ ደጋግመው ቀብተውት ደጋግሞ አጋልጧቸዋል። የመክፈቻው ቀን ደርሷል። መሰላል የሐኪሟን ቃል ይዛ ሄዳ ፊቱ ቆመች። ሻለቃ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ አየር ላይ ተንጠልጥላ የታየችበት ያ ቀን አሁንም ከዓይኑ አልጠፋም።

«ቀበቶሽን ራሴ ነው የማስረው» አለ በመጨረሻ።

አሰረላት፤ ወጣች። መጀመሪያ እጇን ጣሪያው ላይ እየዳበሰች ሄደች፤ ከዓይን ይልቅ መዳፍ እብጠትን ያገኛል። የቀድሞውን ቀለም አስፋቀች፤ እስቱኮውን አስተካከለች፤ ከብርሃኑ አቅጣጫ ጋር አንድ ወጥ መንገድ ይዛ፣ ጠርዙ ሳይደርቅ እየደረሰችበት ቀባች። ላብ በጀርባዋ ወረደ። ክንዷ ዛለ፤ እንደማንኛውም ቀቢ ክንድ ነው የዛለው፤ ዕረፍት ሲያገኝም ተመለሰ። ጣቶቿ አዲሱን መድኃኒት ይዘው ታዘዙላት። በሥራው መሐል ጉንፋን ያዛት፤ አስነጠሰች፤ አተኮሳት፤ ባሏ ዓይኑን ሳይነቅል አደረ፤ በማግስቱ ግን ሰውነቷ ራሱ ተከላክሎ ነጻ አወጣት፤ ርብራቡ ላይ ተገኘች። ያን ቀን ማንጎራጎር ጀመረች። ያ የማያምር ድምፅ ከጣሪያው እየተላተመ አዳራሹን ሲሞላው፣ «የተጋደመ መሰላል» ብሎ የቀለደው ቀቢ ሳይቀር ጆሮውን ደፍኖ ሳቀ።

ጣሪያው ደርቆ ርብራቡ ሲፈታ ሻለቃ መብራቱን ሁሉ አስበራ። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ከጥግ እስከ ጥግ እንከን ፍለጋ ተመላለሰ። አንድም የሩሎ መስመር፣ አንድም ጥላ አላገኘም። ጣሪያው ሰማይ ራሱ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ይመስል ነበር።

«በቀጣይ ያለን ሥራ የውሃ ማማው ነው» አለ፣ አሁንም ሽቅብ እያየ። «እዚያ ላይ የሚወጣ ሰው አላገኘሁም።»

መሰላል ብሩሿን ባልዲ ውስጥ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል «መቼ ነው የምንጀምረው?» አለችው።